የቢጫው ሳሙና ሁለተኛ ዕድሜ

የፋብሪካችንን ቢጫ ሳሙና ከመቋረጥ ያዳነውን ስልታዊ ዕቅድ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስድሳ ሦስት ጋራዥና ማተሚያ ቤት በእግሬ ዞሬአለሁ፤ አርባ አንድ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ሦስት አባሪ አያይዣለሁ። በሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም ግን የሌላ ሰው ነው። የስሙ ባለቤት ዕቅዱን አንብበው ያልጨረሱት መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት አረጋግጠውልኛል። በደሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን የማቀርበው ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም። ሰውየውን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ሰሌዳና ከአራት የሚበልጥ ወንበር ባለበት ክፍል ሁሉ አንድ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ይገኛል፤ የማይገኝበት መሥሪያ ቤት ካለ ሰሌዳው ገና አልተገዛም ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው ወረቀት አይዝም። ወረቀት መያዝ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ዕጣ ነው። እሱ የሚይዘው በደረት ኪሱ የተሰካ አንድ ሰማያዊ ማርከር ነው። ስብሰባው እየተንዛዛ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ሳለ በዝግታ ይነሣል፤ የማርከሩን ክዳን ይነቅላል፤ እናንተ በሦስት ወር ልፋት የደረሳችሁበትን ነገር ከእናንተ በተሻለ አነጋገር ይናገራል። ልብ በሉ፤ አንጀት የሚያሳርረው «ይናገራል» የሚለው አይደለም። «በተሻለ» የሚለው ነው።

የእኛን ሰው «ሊቀ ሰሌዳ» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለስድብ ነበር። ወሬው ጆሯቸው በደረሰ በሳምንቱ ፋብሪካውን ሊጎበኙ ለመጡ እንግዶች «እዚህ ቤት ሊቀ ሰሌዳ ነው የሚሉኝ» እያሉ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ሰማኋቸው። እንግዶቹም እየሳቁ እጃቸውን ጨበጧቸው። ስድቤን እንኳ ሳይቀር ወስደውብኛል።

የሙያችን ዋና መሣሪያ የምርት የሕይወት ዑደት ይባላል። አንድ ምርት ከገበያ ጋር ይተዋወቃል፣ ያድጋል፣ ይበስላል፣ በመጨረሻም ያሽቆለቁላል፤ ሽያጩ ከጊዜው ጋር በሥዕል ሲቀመጥ ኮረብታ ይመስላል። የትኛው ምርት ከኮረብታው ምን ላይ እንደ ቆመ ማወቅ የዕቅድ ባለሙያ ሥራ ነው። ሲወጣ ያለው ይደገፋል፤ ሲወርድ ያለው ወይ ይታደሳል ወይ ይቀበራል። እኔ ይህን ሥዕል ለዐሥራ አራት ዓመታት በማስመሪያ ስሠራው ኖሬአለሁ፤ አግድሙ ጊዜ፣ ሽቅቡ ሽያጭ፣ ከግርጌው የመረጃው ምንጭ። ስለዚህም የሥራ ባልደረቦቼ «እትዬ ሠንጠረዥ» ይሉኛል። ሊቀ ሰሌዳ ኮረብታውን በአንድ ትንፋሽ ይስሉታል። መስመር የለው፣ ቁጥር የለው፣ ምንጭ የለው። አንድ ቀን በስብሰባ መሐል አግድሙ መስመር የት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«እህት ዓለም፣» አሉኝ ፊታቸውን ከሰሌዳው ሳያዞሩ፣ «ኮረብታ የሚወጣ ሰው ማስመሪያ ይዞ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ዘጠኝ ሰው ሳቀ፤ ቆጥሬአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮረብታቸው ያልወጣበት ነገር የለም። በፋብሪካው ካፌ የወረቀት መሐረብ ላይ ስለዋል። በሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የተሰበረ ክንድ ጄሶ ላይ ስለዋል። በዋና ሥራ አስኪያጁ መኪና አቧራማ የኋላ መስታወት ላይ በጣታቸው የሳሉትን ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ቀን እንዳይታጠብ ከልክለውት ነበር። የካፌው አስተናጋጅ ከባሏ ጋር ተኳርፋ ፊቷን ያጠቆረች ዕለት ትዳሯን በኮረብታው ላይ አስቀምጠው «ብስለት ላይ ነው፤ ይዘቱ ደህና ነው፣ ማሸጊያው ብቻ ይታደስ» ብለዋታል። ሴትዮዋ ባሏን ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ወሰደችው፤ ታረቁ። እኔ የዚያችኑ አስተናጋጅ ካፌ የሻይ ፍጆታ በአራት ገጽ አጥንቼ ሰጥቻት ነበር። ድስት ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

አስቸጋሪ ዝርዝር በገጠማቸው ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «እስቲ ከፍ ብለን እንየው።» ከፍ ብለን ስናየው ዝርዝሩ ይጠፋል። ዝርዝሩ ሲጠፋ ዝርዝሩን የሠራው ሰውም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ የምትለው ቀንታ ነው የሚሉ አሉ። አዎን፣ ቀንቻለሁ። ቅናቴን በማስረጃነት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የከሰሰ ሰው መቅናቱ የተከሰሰውን ሰው ነጻ አያወጣም። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የስልታዊ ዕቅድ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ለሁለት ዓመት ክፍት ነበር፤ በውክልና የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንድ «የሚታይ ሥራ» ሠርቶ ያቀረበ ሰው በቋሚነት እንደሚሾም በስብሰባ ላይ ተናግረዋል፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ አለ። የሚታየው ሥራ ምን እንደሚሆን ያን ዕለት ዐወቅሁ። የልብስ ማጠቢያው ቢጫ ሳሙና ለአራት ዓመት ያለማቋረጥ ሲወርድ ቆይቷል። ከፊት በር የሚወጡት የጭነት መኪኖች እየቀነሱ ነው፤ ጅምላ ነጋዴዎቹ ሁሉ ወደ ዱቄት ሳሙና ዞረዋል። የምርት ኃላፊው ሳሙናው በሦስት ወር ውስጥ እንዲቋረጥና የቆረጣ ክፍሉ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርበዋል። በቆረጣ ክፍሉ ሠላሳ አራት ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ትኩሱን ሳሙና በሽቦ ሲቆርጡ ሃያ ዓመት የኖሩ ሴቶች ናቸው።

አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ሳሙና ሲቆረጥ ጠርዝ ጠርዙ ይተርፋል። ይህ ቁርጥራጭ በጆንያ ተሞልቶ በኋላ በር ይሸጣል፤ የሚመዘገበው ግን ከሽያጭ ሳይሆን ከባዶ በርሜልና ከተሰበረ ሣጥን ጋር፣ በንብረት አስተዳደር ሥር፣ በኋላ በር ዘበኛው ደብተር ላይ ነው። ጥራጊ ስለሆነ ማንም ምርት ብሎ አይቆጥረውም። ደብተሩን አንድ ጠዋት ከዘበኛው ተውሼ ከሽያጭ ክፍሉ ሠንጠረዥ ጎን አስቀመጥሁት። በፊት በር የወረደው በኋላ በር እየወጣ ነበር።

ዘበኛው ዕድሜ ጠገብ ሰው ናቸው፤ የሚደንቃቸው ነገር ጥቂት ነው። «እትዬ፣» አሉኝ፣ «እናንተ ፎቅ ላይ ሞተ የምትሉት ሳሙና እዚህ ሰልፍ ያስይዛል። ባለፈው ሳምንት ቁርጥራጩ ቢያልቅባቸው ሴቶቹ ደህናውን ሳሙና ሰባብረው ለገዢዎቹ ጆንያ ሞሉላቸው። ምን ያድርጉ፤ ሰው ቆሟል።»

ይህን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍሁት። ፋብሪካችን የሚፈለገውን ምርቱን በገዛ እጁ እየሰበረ፣ በጥራጊ ስም እየሸጠ፣ ፈላጊ የለውም ብሎ ሊያቋርጠው ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት ለመሥራት አንድ ሽያጭ ክፍል፣ አንድ ንብረት አስተዳደርና በመካከላቸው የማይከፈት አንድ በር ያስፈልጋል። ሦስቱም ነበሩን።

ከዚያ ዐሥራ አንድ ሳምንት ዞርሁ። ቁርጥራጩን የሚገዙት ጋራዦችና ማተሚያ ቤቶች ናቸው። አንድ መካኒክ ከመኪና ሥር ሳይወጣ ነበር ያነጋገረኝ። «ዱቄቱ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ይሄኛው ግሪሱን ነክሶ ነው የሚያወጣው። ግን ሙሉውን ማን ይይዘዋል? በመዳፍ የሚገባ ከሆነ አምጪልን» አለኝ፤ ቀጥሎም መፍቻ እንዳቀብለው አዘዘኝ። አቀበልሁት። የመፍቻው ቁጥር ዐሥራ ሰባት እንደ ነበር በማስታወሻዬ ላይ አለ። ዕቅዱም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሳሙናው በአራት ይቆረጥ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቅለል፣ ቅባትና ቀለም ለሚነካ እጅ ተብሎ በቀጥታ ለየጋራዡ ይቅረብ። «ሁለተኛ ዕድሜ» ብዬ ርእስ ሰጠሁት።

ለማኔጅመንት ኮሚቴው ያቀረብሁት ራሴ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ጋራዦቹን በምን ዘዴ እንደ መረጥኋቸው እያስረዳሁ ሳለ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። የምርት ኃላፊው ስልካቸውን ካዩ ቆይተዋል። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና «ጥልቅ ጥናት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን» አሉ። በእኛ ቤት አንድ ወረቀት «ጥልቅ ጥናት» ከተባለ ተገንዟል ማለት ነው።

በማግሥቱ ሊቀ ሰሌዳ፣ ያኔ የማስተዋወቂያ ክፍል ኃላፊ፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። በጠረጴዛዬ ጥግ ላይ እንደ ልማዳቸው በግማሽ ተቀመጡ።

«እህት ዓለም፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪኝ።»

አርባ አንድ ገጽ መሆኑን ነገርኋቸው። እሱንማ ትናንት ከክብደቱ ዐውቄዋለሁ አሉ። አባሪ ሁለትን እንዲያዩ ጋበዝኋቸው። አላዩም። ዝም ብለው ጠበቁ፤ እኚህ ሰው መጠበቅ ይችሉበታል። በመጨረሻ ከንዴት የተነሣ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

«ሳሙናው አላረጀም። በር ነው የቀየረው።»

ሊቀ ሰሌዳ ከጠረጴዛው ወረዱ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የስብሰባው ክፍል ፊትና ኋላ ሁለት በር አለው። ሊቀ ሰሌዳ አጀንዳው ወደ ቢጫው ሳሙና ሲደርስ ተነሡ፤ ኮረብታውን ሳሉ፤ ቁልቁለቱን እስከ ሰሌዳው ጫፍ አወረዱት። ማርከሩ ሰሌዳው ሲያልቅበት ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ከግድግዳው ወደ በሩ መቃን። በሩን ከፍተው ወጡ። ዐሥራ አንድ ሰው ባዶ በር እያየ ተቀመጠ። ከአፍታ በኋላ የኋላው በር ተከፈተና ሊቀ ሰሌዳ አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ፤ ጆንያውን በዋና ሥራ አስኪያጁ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ እጃቸውን አራገፉ።

«ሳሙናው አላረጀም፣» አሉ። «በር ነው የቀየረው።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ አንዱን ቁራጭ አነሡና በመዳፋቸው ጨበጡት። በመዳፋቸው ልክ ነበር። ዕቅዱ በሰባት ደቂቃ ጸደቀ፤ የቆረጣ ክፍሉ እንዲቀጥል ተወሰነ። በእነዚህ ሰባት ደቂቃዎች «ደረስንበት» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ተነግሯል። የእኔ ስም አንድ ጊዜም አልተነሣም። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ የእኔም እጅ አብሮ መነሣቱ ነው።

በሳምንቱ ዕቅዱ በስማቸው ታትሞ ወጣ። በወሩ የስልታዊ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ኮሪደር ላይ አስቆምኋቸውና አንብበውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከዚህ በታች ያለው ቃል በቃል ነው፤ በአካል ስንነጋገር አንቱታ የለም።

«እውነቱን ልንገርሽ? እስከ ዘጠነኛው ገጽ።»

«ሽፋኑ ላይ ስምህ አለ።»

«ጸሐፊዋ ናት የጻፈችው። እኔ ዝም አልኩ።»

«ዝም ማለትህን አንተ ምን ትለዋለህ?»

«ጥፋት» አሉ፤ ዓይናቸውን እንኳ አልሰበሩም። «ይቅርታ። ግን እህት ዓለም፣ ቀጥሎ ምን አለሽ?»

ለዋና ሥራ አስኪያጁ ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ዐሥራ ዘጠኝ ነጥቦች አሉት። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያስታውሳል። ሦስተኛው ከዘበኛው ደብተር የተገለበጡ ገጾች ተያይዘውበታል። ሥራ አስኪያጁ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ እንደሆንን ነገሩኝ። ቤተሰብ መሆናችንን አልተጠራጠርሁም፤ የርስት ክርክር የሚነሣው ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ንጹሕ ጥላቻ ይኖረኝ ነበር፤ ንጹሕ ጥላቻ ደግሞ ሥርዓት ያለው ስሜት ነው። አላበቃም። ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን በቀረሁበት ሳምንት ሊቀ ሰሌዳ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ቤቴ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው አብራኝ የምትኖረው እናቴ ናት። እኔ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ እንደ ተኛሁ ነበርሁ፤ የነቃሁ መሆኔን አላወቁም። ይህ ለምስክርነቱ ክብደት አስፈላጊ ስለሆነ አሰመርሁበት።

እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ዐሥራ አራት ዓመት አስረድቻት አልገባትም። አንድ ጊዜ ሠንጠረዥ ሠርቼ አሳይቻት ባረከችኝና ወረቀቱን አጥፋ በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስቀመጠችው። አሁን አጋጣሚውን አገኘች።

«ልጄ፣» አለቻቸው፣ «ይቺ ልጅ ቆይ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«እማማ፣ ዕቃም እንደ ሰው ነው» አሉ። «ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። ሲያረጅ እኛ አለቆቹ ቶሎ ቀብረን እንገላገል ነው የምንለው። እሷ ደግሞ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፍና ‘ቆዩ፣ ይተነፍሳል’ ትላለች። ያንን ቢጫውን ሳሙና ያዳነችው እሷ ናት። እሷ ብቻ።»

«ቢጫውን? እኔ የምወደውን?»

«እሱኑ።»

እናቴ ቀጠለች። «ታዲያ አለቃዋ አንተ ነህ የሚሉኝ?»

ሊቀ ሰሌዳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በወረቀት፣ እማማ።»

«ወረቀቱን ለምን አታቃናውም?»

«ፈርቼ ነዋ። እሷ ያለ እኔ ትጽፋለች። እኔ ያለ እሷ የምለው የለኝም።»

እናቴ ከዚያ ብርቱካን ላጠችላቸው። ሁለቱም ሲሳሳቁ ቆዩ፤ እናቴ እኔ ባወራኋት ነገር እንዲያ ስትስቅ አላስታውስም። አሁን በምንኖርበት ሕንፃ ያለ ጎረቤት ሁሉ የዕቃ ሐኪም መሆኔን ያውቃል። ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች ያረጀ ማሽናቸውን እንድመለከትላቸው ይጠይቁኛል። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት ያቃተኝን ነገር በአንድ ብርቱካን ጊዜ ሠሩት፤ የእኔን እውነት እንኳ ለገዛ እናቴ የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴም በየሳምንቱ «ያ ልጅ አልመጣም?» ትላለች። ልጅ ያለቻቸው ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርሁት ክሱ ጎደሎ ይሆናል። ባለፈው ወር ሊቀ ሰሌዳ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጡ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። ሰሌዳው ነጭ እንደሆነ ዋለ። እኔ ስለ ፈሳሽ ሳሙናችን የጻፍሁትን ዕቅድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለ አንዳች መቋረጥ አቀረብሁ፤ ማንም ሰዓቱን አላየም፣ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቃወመም፣ ማንም አልተነሣም። የሕይወቴ ምኞት ይህ ነበር። መሐል ላይ ንግግሬን ገታ አድርጌ በሩን ሳይ ራሴን ያዝሁት። የምርት ኃላፊውም በሩን እያዩ ነበር። ናፈቁኝ ብዬ በጽሑፍ ማስፈሬ ክብሬን የሚነካ ቢሆንም እውነት ነው፤ ናፈቁኝ። የፈሳሽ ሳሙናውን ዕቅድ እንደ ገና ከመጀመሪያ እየጻፍሁት ነው። አንዲት ዐረፍተ ነገር ፍለጋ አራት ቀን ሆነኝ። ለእሳቸው አፍ ልክ መሆን አለባት።

ቢጫው ሳሙና በአራት ተቆርጦ እየተሸጠ ነው። ሠላሳ አራቱም ሠራተኞች በሥራቸው ላይ ናቸው። ኃላፊው እሳቸው ናቸው። ለሦስቱም ደብዳቤዎቼ መልስ አልመጣም።